አባቴ የቆጠረው

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሽማግሌ ተላከብኝ።

ሰንበት ከሰዓት በኋላ ነበር። ሦስት ሽማግሎች፣ አንደኛው ቄስ ናቸው፣ በእግራቸው መጥተው እስከ ሦስተኛ ፎቅ እያለከለኩ ወጡ። በሩን ስከፍትላቸው ለአባቴ የመጡ መሰለኝ። እኛ ቤት ሽማግሌ የሚመጣው ለአባቴ ነው። እዚህ እስራኤል ሀደራ ከተማ ያለው ሰው፣ አልፎ ተርፎም ከነታንያና ከአፉላ፣ ልጁን ሊድር ሲያስብ እሱ ዘንድ መጥቶ ሙሽሮቹ ዘመድ መሆን አለመሆናቸውን ያስቆጥራል። ስለዚህ ዓርብ አፍልቼ በፔርሙዝ ካስቀመጥኩት ሻይ ቀዳሁላቸው፣ ዳቦውን አቀረብኩ፣ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግሁ። ደግሞ የማን ልጅ ልታገባ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። በሰው ሠርግ ወሬ መደሰት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ መስማቱ ግን ልማድ ነው።

"ለልጅዎ ነው የመጣነው" አሉ ቄሱ።

አባቴ ሳቀ። "እሷማ ባልም አላት፣ አራት ልጅም አላት" አላቸው። ታናሽ እህቴን ማለቱ ነው። ለጋብቻ የምትጠየቅ ሌላ ልጅ እንዳለችው ትዝም አላለውም።

"የለም፣ ትልቋን ነው የጠየቅነው።"

ወጥ ቤት ቆሜ እኔም ሳቄ መጣ። ጉልበቷን የሚያማት፣ ከፋብሪካ ጡረታዋን የምትጠብቅ ሴት ሽማግሌ ይላክባት! ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ ቄሱ የላካቸውን ሰው ስም ጠሩ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የላካቸው ወንድሜ ነው። ማለቴ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንድሜ የነበረ ሰው ነው።

ይህ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልናገር። የእኛ ሰው፣ ከጎንደር ተነስቶ በሱዳን አድርጎ እዚህ የገባው ቤተ እስራኤል፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋባም። የልጁ አባት፣ የአባቱ አባት እየተባለ በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ትውልድ ይወጣል፤ የልጅቱም እንዲሁ። ሁለቱ ወገኖች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ አለቀ፣ እህትና ወንድም ናቸው። ስድስተኛ ቤት ሩቅ ነው ብሎ መከራከር የለም። እዚህ ደርሰን ሌሎቹ አይሁዶች የአጎታቸውን ልጅ እንደሚያገቡ ስንሰማ አፋችንን በእጃችን ይዘን ነበር።

አባቴ የዚህ ቁጥር ሊቅ ነው። በአማርኛም በዕብራይስጥም አንዲት ፊደል አያነብም፤ የመድኃኒቱን ካርቶን እንኳ የሚለየው በቀለሙ ነው። ትውልድ ሲቆጥር ግን ዓይኑን ይጨፍናል፣ አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ያሳልፋል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ ይሄዳል። ሰውየውን ከነመንደሩ፣ መንደሩን ከነወንዙ ያመጣዋል። ተሳስቶ አያውቅም። ቢያንስ ሁላችንም እንደዚያ ስንል ኖረናል።

ያን ሰው ያወቅሁት ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ጋን ሽሙኤል ያለው የምግብ ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያው ላይ አብረን እንሠራ ነበር። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሲያወራ የማይቸኩል፣ ሲስቅ ግን ትከሻው ሁሉ የሚስቅ ልጅ ነበር። ዓመት ተኩል ለማንም ሳንናገር ተዋደድን። ከሥራ ስንወጣ አውቶቡሱን ሆን ብለን እናሳልፈውና እስከ ሀደራ በእግራችን እንመጣለን። የምንከራየውን ቤት ዓይነት መርጠን፣ ሚርፔሴቱ ላይ፣ በረንዳው ላይ ማለቴ ነው፣ ምን እንደምተክል ሁሉ አውቅ ነበር። ስህተታችን ይኸው ነው፤ መዋደዱን አስቀድመን ቁጥሩን አስከተልን። የቆጣሪው ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ስህተት!

ሽማግሌ ላከ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። በልጁ እናት በኩል ወጣ፣ በእኛ በኩል ወጣ፣ ስድስተኛው ቤት ላይ ሁለቱ ተገናኙ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። "ወንድምሽ ነው" አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አልተከራከርኩም። እሱም አልተከራከረም። የዛሬ ወጣቶች ይህን ስነግራቸው "ቤኤሜት? ዝም ብላችሁ ተለያያችሁ?" ይሉኛል። አዎ፣ የምር፣ ዝም ብለን። ወንድሜ ነው ከተባለ ወንድሜ ነው፣ ምን ብዬ ልከራከር? የባሰው ሌላ ነው። ያ ዓመት ተኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ኃጢአት ሆነብኝ። የሳመኝ ወንድሜ ሆነ። በእግር የመጣንበት መንገድ፣ የተሳሳቅነው፣ የተመኘነው ቤት፣ ሁሉም ርኩስ ሆኖ ታየኝ። ጾምኩ። ቄስ ዘንድ ሄጄ ጸሎት አስደረግሁ። ከጾሙ የከበደኝ ግን ሰውየውን እንደ ወንድም ማየት ራሴን ማስተማሩ ነው። እሱን አይቼ ልቤ ድንግጥ ባለ ቁጥር በሆዴ "ወንድሜ፣ ወንድሜ" እላለሁ። ዓመታት ፈጀብኝ እንጂ ልቤ ለመደ።

እሱ ከሁለት ዓመት በኋላ አገባ። ሠርጉ ላይ እንደ እህት እልል አልኩ። ሚስቱ ደግ ሴት ነበረች፤ ለሰው "የባሌ እህት" ብላ ታስተዋውቀኛለች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው በዕብራይስጥ "ዶዳ" ይሉኛል፣ አክስቴ ማለታቸው ነው። ሚስቱ ስትታመም ሾርባ ሠርቼ አመላልሼያለሁ፣ ስትሞት ሰባቱን የሐዘን ቀን እዚያው እቃ ሳጥብ ሰንብቻለሁ። እንባዬም የእህት እንባ ነበር፤ ስለ እሷ ነው ያለቀስኩት።

እኔ አላገባሁም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። አንዱን አባቴ በቁጥር ጣለው፣ ሁለቱን እኔ ሰበብ ፈልጌ መለስኳቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣም ጠፋ። አርባን ሳልፍ ሰዉ "ለምን አታገቢም?" ማለቱን ተወና "እግዜር ያውቃል" ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ።

ያላገባች ሴት ብቻዋን ትኖራለች የሚል ሰው ያላገባች ሴት አያውቅም። ብቻዬን የሆንኩባትን ቀን እስቲ ማን ይንገረኝ! እናቴን እስክትሞት ያስታመምኩ እኔ ነኝ፣ "ባል የለሽም" ተብዬ። አባቴን ሐኪም ዘንድ የማመላልሰው፣ ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነኝ፣ "ልጅ የለሽም" ተብዬ። የአክስቴ ልጅ የሚያደርሰው ሲያጣ፣ ከታች ፎቅ ያሉት አሮጊት ገበያ መሄድ ሲያምራቸው፣ የእህቴ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚጠራው የእኔ ስልክ ነው። ያገባ ሰው ጊዜው የቤቱ ነው። የእኔ ጊዜ እንደ መንገድ ዳር ቧንቧ ነው፤ ያለፈ ያገደመው ይከፍተዋል። ሲመሽ ደግሞ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል፣ እኔም ከአባቴ ጋር እቀራለሁ።

ሠርግ ቤት ደግሞ አለ። ሀደራ ውስጥ ሠርግ የሌለበት ወር የለም፣ እኔም የማልጠራበት ሠርግ የለም። የሚያስቀምጡኝ ሁልጊዜ ከመበለቶቹ ጋር ነው። መበለቶቹ ባሎቻቸውን ያማሉ፣ ቀጥለው ስለ ባሎቻቸው ያለቅሳሉ። እኔ የማማው ባልም የማለቅስለት ባልም ስለሌለኝ ሰሃናቸውን አነሳላቸዋለሁ። የሰባ ዓመቷ ሴትዮ እንኳ "አንቺ ልጅት፣ ውሃ አምጪልን" ትለኛለች። ባል ያላገባች ሴት አትጎለምስም፤ ከልጅት ቀጥታ አሮጊት ትሆናለች።

አንድ ክረምት ትኩሳት ጣለኝ። ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ በሚንቀጠቀጥ እጁ ውሃ ሲያመጣልኝ ግማሹ ኮሪደሩ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ጠጣሁና፣ እንዳያንሸራትተው ብዬ ተነስቼ ወለሉን ወለወልኩ። እዚያው ተንበርክኬ እንዳለሁ፣ ባል ቢኖረኝ ብዬ አለቀስኩ። ምን ዓይነት ባል እንደሆነ አልመረጥኩም። ጨርቁን ከእጄ የሚወስድ ሰው ይሁን እንጂ ሌላው ግድ አልነበረኝም።

ባል ያላትን ደግሞ በቅርብ አያታለሁ። እህቴ ከእኛ ሁለት ሕንጻ አለፍ ብላ ነው የምትኖር። ባሏ አይማታም፣ አይጠጣም። ይህን ሰው ሁሉ እንደ ሙገሳ ይናገርለታል፤ ባል መቼም የሚመሰገነው ባላደረገው ነገር ነው። ከሥራ ይመጣል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፣ እስኪተኛ ድረስ ቃል አይተነፍስም። አንድ ጊዜ ተኳርፈው፣ በምን እንደተኳረፉ ሁለቱም ረስተውት፣ ግማሽ ዓመት በልጆቻቸው በኩል ተነጋገሩ። "ለእናታችሁ ወጡ ጨው ጎደለው በሏት" ይላል፤ እናትየው እዚያው ጎኑ ተቀምጣለች።

እህቴ ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ እየሮጠች ትመጣና ወጥ ቤቴ ወንበር ላይ ዘፍ ትላለች። "ኔማስ ሊ፣ መረረኝ በቃ! አንቺ እኮ ታድለሻል" ትለኛለች። "ስትፈልጊ ትበያለሽ፣ ሲያሻሽ ትተኛለሽ፣ ማንም አይኮሳተርብሽም።" እኔ ደግሞ እሷን እያየሁ፣ ሲመሽባት ደውሎ የት ነሽ የሚላት ሰው አለ እላለሁ። እንዲህ እርስ በርስ ስንቀናና ሃያ ዓመት አለፈን። የሚያስቀና ነገር ግን አንዳችንም ጋ አልነበረም።

እናቴ ከመሞቷ በፊት በዚህ ነገር አንድ ጊዜ አነጋግራኛለች። ጸጉሯን እያበጠርኩላት ነበር። ከአባቴ ጋር ሃምሳ ምናምን ዓመት ኖራለች፤ ስሙን ጠርታው አታውቅም፣ "አንቱ" ነው የምትለው። "እማ፣ ትዳር ጥሩ ነው?" አልኳት። "እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ሌላ ነገር አላየሁ" አለችኝ። ከልቧ ነበር። እኔም ሌላ ነገር አላየሁም፤ ስለዚህ ሁለታችንም ሳናውቅ ቀረን።

አንድ ነገር ግን ያጽናናኝ ነበር። የእኔ ብቸኝነት የማንም ጥፋት አልነበረም። ሕግ ነው፣ ዘር ነው፣ እኔ ሳልወለድ የተቆረጠ ነገር ነው። በሰው አላዝንም፣ አባቴንም አልቀየምም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የቆምኩት ይህን ተደግፌ ነው። ሽማግሎቹ ያን ሰንበት የመጡት ይህንኑ ሊነጥቁኝ ነው፤ እነሱ ግን መልካም ወሬ ይዘን መጣን ብለው ነበር የመጡት።

አባቴ ስሙን ሲሰማ ተቆጣ። "ወንድሟ እኮ ነው! ቄስ ይዛችሁ መጥታችሁ እንዴት ይህን ትጠይቁኛላችሁ?"

"እስቲ ይስሙን" አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። "ቁጥሩ ታዑት ነው። ስህተት አለበት። ሚሽፓሓ አይደሉም፣ ዘመድ አይደሉም።"

ነገሩን አስረዱ። በሰውየው ሚስት ሐዘን ላይ አንዲት አሮጊት አክስቱ መጥተው ነበር፤ ከእኛ ብዙ ዘግይተው ከቋራ የገቡ ናቸው። "እቃ የምታጥበዋ ማን ናት?" ብለው ጠየቁ። እህቱ ናት፣ በስድስተኛ ቤት አሏቸው። "በማን በኩል?" አሉ። ሲነግሯቸው፣ "እሱማ ያሳደጉት ልጅ ነው እንጂ የወለዱት አይደለም" አሉ። በአንድ የረኃብ ዘመን የእኔ ወገን የሆኑ ባልና ሚስት፣ እናቱ መንገድ ላይ የሞተችበትን ሕፃን፣ የእኛውን ሰው ልጅ፣ አንስተው አሳደጉ። ሲያድግ ሆድ እንዳይብሰው ብለው "የወለድነው ነው" አሉ፣ መንደሩንም አስማሉ። መንደሩ መሐላውን ጠበቀ። የሰውየው እናት የሚወለዱት ከዚህ ልጅ ነው፤ እሱም እንደ ተወላጅ ተቆጠረ፤ እውነቱ በልጁ ወገን ባሉ ሴቶች አፍ ብቻ ቀረ። እኛ ስንለያይ አክስቲቱ ገና ቋራ ነበሩ፣ የጠየቃቸውም የለም። ሐዘን ላይ የጋብቻ ወሬ አይነሳምና፣ እሱ የሚስቱ የዓመት ተዝካር እስኪወጣ ጠብቆ ነው ሽማግሌ የላከው።

የወጥ ቤቱን በር ከፍቼ ወጣሁ። ማንም አላየኝም፤ ሁሉም የሚያዩት አባቴን ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱ በአንጓዎቹ ላይ ይሄዳል። አምስተኛው ላይ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፣ እንደገና እዚያው ቆመ። "አባቴ የነገረኝ እንዲህ ነው" አለ። "ወለደ ነው ያለኝ። አሳደገ አላለኝም።"

"ማንም ጥፋት የለበትም" አሉ ቄሱ።

እውነታቸውን ነው። ለአንድ ወላጅ አልባ ሕፃን የተዋለ ደግነት ነው፤ ስንት ትውልድ ተሻግሮ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። ያን ሳምንት እነዚያን ባልና ሚስት ልረግማቸው ሞክሬ ነበር። ደግ ሰው መርገም እንዴት አስቸጋሪ ነው! አልሆነልኝም። ከዚያ የምወቅሰው አባቴ ብቻ ቀረኝ።

ሽማግሎቹ "አስቢበት ልጄ" ብለውኝ ሄዱ። አባቴ ያን ሳምንት ያቀረብኩለትን ይነካካና ይተወዋል። እኔ ማሸጊያው ላይ ቆሜ ጣሳዎቹ ሲያልፉ እያየሁ እርር ድብን እል ነበር። ለሌለ ኃጢአት ነው የጾምኩት። ወንድሜ ላልሆነ ሰው ነው "ወንድሜ፣ ወንድሜ" እያልኩ ወጣትነቴን የጨረስኩት። ልጆቹ የእኔ ልጆች ይሆኑ ነበር። ይህን ሳስብ እጄ ይቆማል፣ አጠገቤ ያለችው ሴት "ማ ኮሬ?" ትለኛለች፣ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። ምንም እላታለሁ።

እህቴ ስትሰማ እየሮጠች መጣች። "አግቢው!" አለችኝ፣ ገና በሩ ላይ፤ እንባዋ መጣ።

"ታድለሻል ስትይኝ አልነበረም እንዴ?"

"እሱማ ሲመረኝ የምለው ነው።" ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ቀና ብላ አታየኝም። "እውነቱን ልንገርሽ? ባሌ ሲያናድደኝ እዚህ መጥቼ አንቺን አይሻለሁ። አንድ ድስት፣ አንድ ሰው፣ ዝምታ። ያኔ ንዴቴ ይበርዳል፤ ቤቴን ወድጄ እመለሳለሁ። ይቅር በዪኝ።"

ለእህቴ ትዳር ሃያ ዓመት መድኃኒት ነበርኩ ማለት ነው። አልተቀየምኳትም፤ ለመቀየም የሚሆን ቦታ ሆዴ ውስጥ አልነበረም። እንዲያውም ልሞክረው ብዬ የወሰንኩት ያኔ ነው።

ዓርብ ጠዋት ናሓል ሀደራ ተቀጣጠርን፣ ወንዙ ዳር ባሕር ዛፎቹ ሥር። ቀድሞኝ ደርሷል። ሸሚዙን ራሱ ተኩሷል፤ የፊት ለፊቱ ደህና ነው፣ የጀርባው ተጨማድዷል። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። "እንዴት ነሽ እህ..." ብሎ ዋጠው። ሁለታችንም ያልሰማን መሰልን።

በዛፎቹ መካከል በእግር ሄድን። እሱ ሃያ እርምጃ ያህል ይሄድና ይቆማል፣ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እኔ አጠገቡ ነኝ፣ ኋላው ማንም የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆም "ለምን ትቆማለህ?" አልኩት።

"ቆምኩ እንዴ?" አለ። ቆይቶ ገባው። "እሷ ከታመመች ወዲህ ብዙ መራመድ አትችልም ነበር። እዚህ አመጣት ነበር። እስክትደርስብኝ እቆማለሁ።"

ስለ እሷ አወራኝ። አልከፋኝም፣ እኔም እወዳት ነበር። ሁለት ሰሃን አውጥቶ አንዱን እንደሚመልስ፣ ብቻውን መብላት ስለማይችል ሬዲዮ ከፍቶ እንደሚበላ፣ አልጋው ላይ በእሷ በኩል እንደማይተኛ ነገረኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዴት ያለ ትዳር እንደነበራቸው ከንግግሩ ታየኝ። እህቴ ያላገኘችውን፣ እናቴ መኖሩን ያላወቀችውን፣ እነሱ ኖረውበታል። በቅርብ ካየኋቸው ትዳሮች ደህናው እኔ ያጣሁት ይኸኛው ነው።

"ብቻሽን ስትኖሪ እንዴት ቻልሽው?" አለኝ።

"አልቻልኩትም። ኖርኩት እንጂ።"

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አንድ ቤተሰብ ከእኛ ፊት ለፊት ምንጣፍ እያነጠፈ፣ ልጆቹ ማን ምን እንደሚሸከም እየተጨቃጨቁ ነበር። "ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፣ ይወዱሻል" አለኝ።

"ዶዳ ነው የሚሉኝ። አክስታቸውን ልታገባ ነው?"

ሳቀ፤ ትከሻው እንደ ድሮው ሳቀ። ያን ትከሻ ሳየው አንድ ነገር እንዲነሳብኝ ጠበቅሁ። ልቤን እንደ በር አንኳኳሁት ማለት እችላለሁ። ያን ጊዜ እጄን ያዘኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላም ስንባባል ጉንጭ ለጉንጭ ነው እንጂ እጄን ይዞ አያውቅም።

ሰውነቴ ሽምቅቅ አለ። ሳላስበው እጄን ነጠቅሁት፣ እንደ ነውር ነገር። አፍሬ ቀና ስል የእሱም ፊት ተለውጧል፤ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በሌላኛው ያሸዋል። እሱም እንደኔ ነው። እሱም ራሱን አስተምሯል። አክስቲቱ ዝምድናውን አፍርሰውታል፤ እኛ ግን ወንድምና እህት ሆነን ቀርተናል። ሐሰቱን ራሳችን እውነት አድርገነዋል፣ ከእንግዲህ ማን ይፈታዋል?

"ይለመዳል" አለኝ፣ ድምፁ ግን አያምንም።

"አንድ ጊዜ ለምጃለሁ" አልኩት። "ሁለተኛ ለመልመድ ዕድሜ የለኝም።"

አልተከራከረኝም። ያን ጊዜም አልተከራከረም፣ አሁንም አልተከራከረም። "እሺ እህቴ" አለኝ፣ በዚህ ጊዜ ቃሉን አልዋጠውም። አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኘኝና ለብቻው ሄደ።

ቤት ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። የሰንበት ልብሱን ገና በጠዋቱ ለብሷል።

"ምን አልሽው?"

"አይሆንም አልኩት።"

ራሱን ነቀነቀ። "በእኔ ነው?" አለኝ።

ለአባቴ በሕይወቴ የሚያስከፋ ቃል መልሼለት አላውቅም። ያን ቀንም "የለም አባባ፣ የእግዜር ነገር ነው" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱም የሚጠብቀው እሱን ነው፣ ከዓይኑ አየሁት።

"አዎ አባባ፣ በእርስዎ ነው" አልኩት።

ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። አባቴ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። የወንበሩን እጀታ ይዞ ተነሳና ጉልበቱን ማጠፍ ጀመረ። እግሬ ላይ ሊወድቅ ነው። ብብቱን ይዤ አስቀረሁት፤ ክብደቱ ሁሉ ክንዴ ላይ ነበር፣ ትንሽ ክብደት ነው። "ይቅር በዪኝ ልጄ" አለኝ። "ይቅር ብያለሁ" አልኩት። ያልኩት በአፌ ነው። ልቤ አላለም፣ እስከ ዛሬም አላለም፣ እሱም ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ቆጥሮ አያውቅም። ልጃቸውን ሊድሩ የሚመጡትን "ረስቻለሁ፣ ሌላ ሰው ጠይቁ" ብሎ ይመልሳቸዋል። አልረሳም። አንድ ገበታ እንበላለን፣ መድኃኒቱን እሰጠዋለሁ፣ ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ፣ ከዚህ ያለፈ አንነጋገርም። ያገባች ሴት ከባሏ ስትጣላ ልብሷን ሰብስባ አባቷ ቤት ትገባለች። እኔ የተጣላሁት ከአባቴ ጋር ነው፤ የምሄድበት ቤት የለኝም።